ውሃ ያልፈታው ቅጠል

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። አፍንጮ በር ያሉት ጎረቤቶቼ ይህን ሁሉ ዘመን ነርስ እመስላቸው ነበር። ነጭ ጋዋኔን አጥቤ ግቢ ውስጥ ስለማሰጣ ይመስለኛል። ደም ግፊታቸውን እንድለካላቸው የሚመጡም ነበሩ። አንዷ ጎረቤቴ፣ ሥራዬ ቅባት መመርመር እንደሆነ ስነግራት፣ የፀጉር ነው የፊት ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አይደለም አልኳት፤ ከዚያ ወዲህ ደግማ አልጠየቀችኝም። አሁን ጊዜ ስላገኘሁ ለእሷም ለሌላውም እነግራለሁ። በሥራዬ መጨረሻ ዓመታት ያየሁት ነገር ለብቻ ተይዞ የሚቀመጥ አይደለም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ውስጡ ቅባት አለው። ቅጠልም፣ ደምም፣ ጉበትም። ዓይነቱ ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። እኔ ያንን ቅባት ከሌላው ነገር ለይቼ አወጣና የትኛው ዓይነት እንደበዛ፣ የትኛው እንዳነሰ እለካለሁ። የተማሩት ሊፒድ ይሉታል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ እጃችንን ነክረን የምንሠራው ሰዎች ግን ቅባት ነው የምንለው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ዘይት ፋብሪካ ነው። የክፍላችን ኃላፊ የኑግ ዘይት መበላሸት አለመበላሸቱን ጣቱን ነክሮ በመቅመስ የሚያውቅ ሰው ነበር። ብዙ ጊዜም ልክ ነበር፤ ይህ ነበር የሚያናድደኝ። እኔ ጠብታ በጠብታ ለክቼ ግማሽ ቀን የፈጀሁበትን እሱ በአንድ ቅምሻ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ግን የእሱ ምላስ ደህና ነው ያለውን ዘይት የእኔ ምርመራ መበላሸት ጀምሯል አለ። አልተከራከረኝም። ከዘይቱ በጠርሙስ ቀድቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠውና ሥራውን ቀጠለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጠርሙሱን ሲከፍተው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ያን ቀን ወንበሩን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጣና እንዴት አድርጌ አስቀድሜ እንዳወቅሁ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ዘይት በምላስ ከመታወቁ በፊት ውስጥ ውስጡን ማርጀት እንደሚጀምር የተረዳሁት ያኔ ነው። ቅባት ያረጃል። ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ከፒያሳ በእግር ወደሚደረስበት አንድ የምርምር ላብራቶሪ ተዛወርኩ። ደመወዙ ከፋብሪካው ያንስ ነበር፤ እናቴም ይህን ለዓመታት አልረሳችልኝም። እኔ ግን ጋሼ ተካልኝን አገኘሁ።

ጋሼ ተካልኝ የላብራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሰው ናቸው። ዕቃ የሚያጥብ ሰው ተቀጥሮላቸው እያለ የሚሠሩበትን መስታወት ሁሉ በራሳቸው እጅ ያጥባሉ። በሳሙና፣ በውሃ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በአልኮል ያለቀልቁታል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። እጁን ክሬም የተቀባ ሰው ጠረጴዛቸው አጠገብ አይደርስም። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን የበላይ ኃላፊ ሳይቀር በሩ ላይ አቁመው እጃቸውን እንዲታጠቡ መልሰዋቸዋል። ሰውየው ታጥበው ተመለሱ።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን “ባዶ”ን ነው። ናሙና ያልተጨመረበት ብልቃጥ ይወስዱና ናሙና እንዳለበት አድርገው ሥራውን በሙሉ ይሠሩበታል። መጀመሪያ ሳየው ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ባዶው ውስጥ ነገር ከተገኘ የመጣው ከእኛ ነው፤ ከእጃችን፣ ከዕቃችን፣ ከአየሩ ነው ይሉ ነበር። ባዶው ንጹሕ ሳይሆን የናሙናውን ውጤት አያዩም።

ቅባት ማውጣቱንም ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ናሙናውን ከክሎሮፎርምና ከሜታኖል ጋር ትመታዋለህ፣ ትንሽ ውሃ ትጨምርበታለህ፣ ታስቀምጠዋለህ። ቀስ እያለ ለሁለት ይከፈላል። ቅባቱ ያለው ከታች ነው። ቀጭኑን የመስታወት መምጠጫ በላይኛው ፈሳሽ ውስጥ ስታሳልፈው፣ የላይኛው እንዳይገባበት ጥቂት አየር እፍ እያልክ ነው፤ አንዲት አረፋ፣ ሌላ አረፋ፣ ከዚያ ታች ስትደርስ ትመጥጣለህ። እጄ ይህን እስኪለምድ ዓመት ፈጀብኝ። የወጣውን ደግሞ በነጭ ዱቄት በተለበጠ መስታወት ጫፍ ላይ ጠብ አድርገን ፈሳሽ ውስጥ እናቆመዋለን። ፈሳሹ እየወጣ ሲሄድ እያንዳንዱን ቅባት የየራሱ ከፍታ ላይ ጥሎት ያልፋል። ዓይን አያየውም። መስታወቱን አዮዲን ያለበት ማሰሮ ውስጥ ስትከተው ግን ቡናማ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዕለት ምሳዬን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ጋሼ ተካልኝም ሂጂ ምሳሽን ብዪ አላሉኝም፤ አጠገቤ መጥተው አብረውኝ ቆሙ።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዶክተር መቅደስ መጣች። ወጣት ናት፤ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል። ይዛ የመጣችው ጥያቄ ልቤን ገዛው። እንስሳ ሲያረጅ ደሙና ጉበቱ ውስጥ ሴራማይድ የሚባል የቅባት ዓይነት እየተጠራቀመ ይሄዳል። የእኛ መድኃኒት አዋቂዎች ለሽማግሌዎች የሚሰጧቸው ቅጠሎች ይህን ይነኩት ይሆን? ለዚህም ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል ማሽን ተተከለልን። ቅባቶቹን አንድ በአንድ እየመዘነ ስክሪን ላይ እንደ ተራራ ያቆማቸዋል። ብዛት ያለው ተራራው ይረዝማል። በአዮዲን ማሰሮ ቀን ሙሉ የምጠብቀውን በደቂቃዎች ሲያሳየኝ፣ ጡረታዬ መቅረቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጨኝ።

ቅጠሉን የሰጡን ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቅመምና የደረቀ ቅጠል የሚሸጡ፣ ሰማንያን የተጠጉ ሰው ናቸው። ጉልበቴ ከዳኝ፣ አቅም አነሰኝ የሚል ሽማግሌ ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ዶክተር መቅደስና እኔ ለወራት ተመላለስንባቸው። በመጨረሻ እሺ ያሉት ስሙን እሳቸው ሳይፈቅዱ ላናወጣ ቃል ገብተን ነው። ስለዚህ ዛሬም አልጠራውም። በደብተራችን ላይ “ቅጠል አንድ” ነበር የሚባለው።

ቅጠሉን ጥላ ላይ አደረቅነው፣ ፈጨነው፣ በውሃ አፍልተን ላረጁ ነጫጭ አይጦች እንዲጠጡት አደረግን። የቀሩት አይጦች ተራ ውሃ ጠጡ። ሳምንታት አልፈው የደማቸውን ቅባት አወጣሁ። መጀመሪያ ውሃ የጠጡትን፣ ቀጥሎ ቅጠል የጠጡትን ሠራሁ። ሴራማይዱ ንቅንቅ አላለም። ግን ቅጠል በጠጡት ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው አንድ ተራራ ቆሞ አገኘሁት። በሁሉም ላይ አለ። ውሃ በጠጡት ላይ የለም። ዶክተር መቅደስን ጠራኋት፤ አየችው፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባዶውን ጠየቀችኝ። ንጹሕ ነው አልኳት፤ ንጹሕም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እሷ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ተናገረች፤ አብረውን ለሚሠሩ የውጭ ሰዎችም ጻፈች። ለሐጂ ሸምሱ እኔ ነኝ በደስታ ሮጬ የነገርኳቸው። እሳቸውም ለደንበኞቻቸው ነገሩ። ሱቃቸው ደጃፍ ሰው መሰለፍ ጀመረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ተካልኝን ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት አገኛቸው ነበር። ወረቀቱን ማኪያቶዋቸው አጠገብ ዘረጋሁላቸው። እንዲኮሩብኝ ነበር የፈለግሁት። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

“በሁሉም ላይ ወጣ?” አሉኝ።

“በሁሉም።”

“እኩል?”

“ከሞላ ጎደል እኩል ነው።”

“አይጥ ሁሉ እኩል አይጠጣም፣ ስንዱ።” መነጽራቸውን አወለቁ። “ባዶውን በምን ዕቃ ሠራሽው?”

በመስታወት አልኳቸው። የአይጦቹንስ አሉኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። ሥራው መሀል ላይ የመስታወት ብልቃጥ አልቆብን ነበር። ቅጠል የጠጡትን የሠራሁት አዲስ በመጡ የፕላስቲክ ብልቃጦች ነው። ክሎሮፎርም ደግሞ ፕላስቲክን የሚያለሰልሰውን ቅባት መሰል ነገር ገፎ እንደሚያወጣው አውቃለሁ። ለአዲስ ተቀጣሪዎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ተካልኝ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና አስተናጋጁን ጠርተው ለእኔ ሌላ ማኪያቶ አዘዙ።

ሰኞ ጠዋት ምንም ናሙና የሌለበት የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዤ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራሁ። ተራራው እዚያው ቆሟል። ቁመቱ እንኳ አልተለወጠም። ያ ሁሉ ደስታ፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ የብልቃጥ ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያካበትኩት ስም በአንድ ካርቶን ብልቃጥ መሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ዶክተር መቅደስ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ቢሮዋን ዘግታ ተቀመጠች። ለእሷ የባሰ ነበር፤ የእሷ ስም ነው ደብዳቤው ላይ ያለው፣ ገና ጀማሪም ናት። ልትቆጣኝ መብቷ ነበር። በመጨረሻ ዛሬውኑ ለሁሉም እንጻፍ አለች። ጻፍን። ስህተቱ የእኔ መሆኑ እንዲገባበት ለመንኳት፤ የላብራቶሪያችን ብላ ነው የጻፈችው።

ለሐጂ ግን ብቻዬን ልንገራቸው አልኩ። ድልድዩን ስሻገር እግሬ ወደኋላ ይለኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተራ ይጠብቃሉ። በጆሯቸው ልነግራቸው ጎንበስ ስል ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ አይሰማኝም አሉ። ስለዚህ በሰው ፊት ተናገርኩት። ያየነው ነገር የቅጠሉ አልነበረም፣ የዕቃችን ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው።

ሐጂ ሸምሱ ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

“ሰማችሁ? ያ በሳይንስ ተረጋገጠ ያልኳችሁ ነገር አልተረጋገጠም” አሏቸው። “ከዚህ በፊት በምታምኑኝ ልክ እመኑኝ፤ ከዚያ አትለፉ።”

ከሦስቱ አንዱ ወጥቶ ሄደ። ሁለቱ ቀሩ። ሐጂ በርጩማ አቀረቡልኝና፣ ለመሆኑ ቅጠሉን እንዴት አድርጋችሁ ነው ያዘጋጃችሁት ብለው ጠየቁኝ። ማድረቃችንን፣ መፍጨታችንን፣ ማፍላታችንን ነገርኳቸው።

“በምን አፈላችሁት?”

“በውሃ።”

“ልጄ፣ ይኼን ቅጠል ውሃ አይፈታውም። እርጥቡን ወቅጠሽ ለጋ ቅቤ ውስጥ ሦስት ቀን ነው የሚያድረው።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም፣ ሐጂ?”

“ማን ጠየቀኝ?”

የተሰማኝን መግለጽ ይቸግረኛል። አፍሬ ነው የመጣሁት፤ እፍረቱም አልሄደም። በላዩ ላይ ግን ሌላ ነገር ፈላብኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ቅባት የመዘንኩ ሴት፣ በቅባት ብቻ የሚሟሟ ነገር ውሃ ውስጥ ስፈልግ ነው የከረምኩት። እሳቸው ግን ክሎሮፎርም ሳያውቁ እኔ በክሎሮፎርም የምሠራውን በቅቤ ይሠሩት ነበር። አንድ እፍኝ እርጥብ ቅጠል ለምኜ ተነሣሁ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም።

እሳቸው እንዳሉት ወቅጬ ቅቤ ውስጥ አሳደርኩትና ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን ማሽኑን ትቼ የድሮውን መስታወት አወጣሁ። ሦስት ጠብታ አደረግሁበት፤ አንዱ ቅጠሉ የፈላበት ውሃ፣ ሁለተኛው ቅቤ ብቻ፣ ሦስተኛው ቅጠሉ ያደረበት ቅቤ። ባዶውን ከጎን አደረግሁ፣ በመስታወት። አዮዲኑ ማሰሮ ውስጥ ስከተው ዶክተር መቅደስ አጠገቤ ናት። በውሃው በኩል ምንም የለም። በቅቤው በኩል የቅቤው የራሱ ነጠብጣቦች ወጡ። ቅጠሉ ባደረበት በኩል እነዚያው ወጡና፣ ከእነሱ በላይ ሁለት ተጨማሪ ነጠብጣቦች ቀስ እያሉ ቡናማ ሆኑ። ዶክተር መቅደስ እጄን ጨበጠችኝ። በዚህ ጊዜ ማንም ማንንም አላቀፈም፤ ሁለታችንም ፈርተናል።

እንደገና ጀመርን። አሁን ሦስት ዓይነት አይጦች ነበሩን፤ ተራ ምግብ የሚበሉ፣ ቅቤ ብቻ የሚጨመርላቸው፣ ቅጠሉ ያደረበት ቅቤ የሚጨመርላቸው። የመሀለኞቹን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ አለበለዚያ ለውጥ ብናይ ከቅቤው ይምጣ ከቅጠሉ አናውቅም። ፕላስቲክ የሚባል ነገር ከክፍሌ አስወጣሁ። በየረድፉ ባዶ ሠራሁ። ዶክተር መቅደስ ደግሞ አይጦቹን በቁጥር ብቻ ሰጠችኝ፤ የትኛው ምን እንደበላ የተጻፈበትን ፖስታ ዘግታ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ሥራው ከዓመት በላይ ወሰደ። በመሀሉ ፒያሳ ፈርሳ ስትሠራ ሐጂ ከድልድዩ አጠገብ ተነሥተው አንድ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ገቡ፤ ደንበኞቼ የጉልበት ሕመምተኞች ናቸው፣ እኔ ደግሞ ደረጃ ላይ አስቀመጡኝ እያሉ ያስቁኝ ነበር። የሰው ኃይል ክፍልም የጡረታ ቅጽ እንድሞላ ጠራኝ። ቆሜ ፈርሜ ወደ ናሙናዬ ተመለስኩ።

ፖስታው የተከፈተው ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ሐጂ ሸምሱም ጋሼ ተካልኝም እንዲገኙ ጠራናቸው። ጋሼ ተካልኝ በር ላይ ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን ታጠቡ፤ ሐጂንም አስታጠቧቸው። ከዚያ ባዶዎቹን አምጪ አሉኝ። አንድ በአንድ ገለጧቸው። ሲጨርሱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እኔ የእያንዳንዱን ቁጥር ሴራማይድ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ እያልኩ አነብባለሁ፤ ዶክተር መቅደስ ከፖስታው ውስጥ ምን እንደበላ ትናገራለች። ዝቅተኛ ስል ቅጠል አለች። ከፍተኛ ስል ቅቤ ብቻ አለች። እንደገና ዝቅተኛ፤ ቅጠል። ከዚያ ከፍተኛ ስል ቅጠል አለች። ቀጠልን። ስንጨርስ ቅጠል ከበሉት መካከል ሁለቱ ምንም አልተለወጡም። የቀሩት ግን ቅቤ ብቻ ከበሉትም፣ ተራ ምግብ ከበሉትም በግልጽ ዝቅ ብለዋል።

ጋሼ ተካልኝ የሁለቱን እምቢተኛ አይጦች ቁጥር ወረቀቱ ላይ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። “አሁን እውነት ይመስላል” አሉ።

በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። እንባዬ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳይወድቅ ፊቴን አዞርኩ።

ሐጂ ሸምሱ፣ እንግዲህ ሽማግሌ ሁሉ ይውሰደው ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ ይህ የአይጥ ነው፤ ለሰው ይጥቀም አይጥቀም፣ ዕድሜ ይጨምር አይጨምር ገና አናውቅም አልኳቸው። ለደንበኞቼም እንደዚያው እላቸዋለሁ አሉ፤ የሚሉም ሰው ናቸው።

ዶክተር መቅደስ ኮምፒውተሯን ከፍታ የሚታተመው ጽሑፍ የሚጻፍበትን ገና ባዶ ገጽ አወጣች። የቅጠሉ እውቀት ከማን እንደተገኘ በስም መጻፍ አለበት፤ የእርስዎን ስም እንዴት እንጻፈው አለቻቸው። ሐጂ የእኔን አትጻፉ አሉ። እሳቸው የተማሩት ከእናታቸው ነው፤ ቅጠሉን ያሳየቻቸው፣ መውቀጡን፣ ሦስቱን ቀን፣ ሁሉን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። እሷም ከእናቷ። ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው።

“ስሟ ማን ነው?” አልኳቸው።

“ዘሀራ።”

ዶክተር መቅደስ ጻፈችውና ልክ መሆኑን እንዲያዩላት ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። ሐጂ ሸምሱ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀረቡ። ማንበብ ያውቃሉ፤ ግን ሦስቱን ፊደላት ለማንበብ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

“ስሟን ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው” አሉ።

ዶክተር መቅደስ ፊደሉን ትልቅ አደረገችላቸው።